የደቦው መዝገብ ያዥ

ማርቆስ ደውሎ «አባዬ ዐረፈ» ሲለኝ ከአፌ የወጣው የመጀመሪያ ቃል «ውሸታም!» የሚል ነበር። ለሐዘንተኛ እንዲህ አይባልም፤ አውቃለሁ፤ ግን አመለጠኝ። ሆሳዕና፣ ቢሮ ውስጥ፣ የሩብ ዓመት ሪፖርት ስብሰባ ላይ ነበርኩ። ስልኩን ያነሣሁት ከጠረጴዛው ሥር አጎንብሼ ነው። ሰዉ ሁሉ ዞሮ አየኝ። ተነሥቼ ኮሪደር ወጣሁና ግድግዳ ተደግፌ ቆምኩ።

«መቼ?»

«ትናንት ጠዋት። ዛሬ ስድስት ሰዓት ላይ ይቀበራል።»

«ታመው ነበር እንዴ?»

«ምንም አልታመመም! ድንች እየኮተኮትን ነበር። መስመሩ መሀል ቁጭ አለ። የደከመው መስሎኝ የራሴን መስመር ጨርሼ ስመለስ አልቋል።»

የማርቆስ አባት ጋሽ ኤርሱሞ ባለፈው ሳምንት ደውለውልኝ ነበር። ሰላምታ አያበዙም። «የስንዴው ምርጥ ዘር መቼ ነው የሚገባው?» አሉኝ። «በቅርቡ ነው ጋሼ» አልኳቸው። «ምትኩ፣ በቅርቡ የሚባል ቀን የለም» ብለው ጆሮዬ ላይ ዘጉት። ስቄ ስልኬን ኪሴ ከተትኩ። ቀኑን አጣርቼ እደውላለሁ ብዬ ነበር፤ አልደወልኩም። ኮሪደሩ ላይ ቆሜ የማስበው ይህንኑ ነበር፤ ሰውየው ቀን ጠይቀውኝ ቀን ሳልሰጣቸው ሞቱ።

እውነቱን ለመናገር ጋሽ ኤርሱሞ በቁማቸውም ያስደነግጡኝ ነበር። የሰው ሞት ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ፤ እንደ ማንኛውም ሰው ደንግጬ አልቅሼ ወደ ሥራዬ ተመልሻለሁ። እሳቸው በአንዲት ቅዳሜ እንዳስደነገጡኝ ግን ማንም አስደንግጦኝ አያውቅም። ወደዚያች ቅዳሜ ከመሄዴ በፊት ሰውየውን ላስተዋውቃችሁ።

ከኮሌጅ እንደወጣሁ በልማት ሠራተኝነት የተመደብኩት ከአንጋጫ በእግር አንድ ሰዓት ተኩል ወደምታስኬድ ቀበሌ ነው። እኔ የሆሳዕና ልጅ ነኝ፤ የቤታችን ቋንቋ ሀዲይኛ ነው። የቀበሌው ሰዎች የሚናገሩት ከምባትኛ ነው። ስለዚህ የምንግባባው በአማርኛ ነበር፤ እነሱም በነሱ ዜማ፣ እኔም በእኔ። ማዳበሪያ፣ ዘር፣ ሪፖርት፣ ጠብ፣ እርቅ፣ ሁሉም በዚያው አማርኛ ያልቃል።

የመጀመሪያ ቀን ቀበሌውን ስዞር አንድ ረዥም ቀጭን ሰውዬ ከእርሻ ዳር ቆመው አገኘሁ። እስክሪብቶ በክር አሥረው አንገታቸው ላይ አንጠልጥለዋል፤ ብብታቸው ሥር ጠንካራ ሽፋን ያለው ወፍራም መዝገብ ይዘዋል። የቀበሌው ጸሐፊ መስለውኝ እጅ ነሣሁ። ገበሬ ናቸው። በካቶሊክ ሚሲዮን ትምህርት ቤት እስከ ስድስተኛ ክፍል ተምረዋል። የሃያ ሁለት ጎረቤታሞች ደቦ አለ፤ የዚያ ደቦ ዕቅድ አውጪም መዝገብ ያዥም እሳቸው ናቸው። ከብዙ ወራት በኋላ ስንለማመድ ያን ቀን ምን እንደጻፉ አሳዩኝ፦ «የልማት ሠራተኛ መጣ። ልጅ ነው። ጫማው አዲስ ነው። እስከ ጓሮ አልገባም።»

እውነት ነበር። ጭቃውን ፈርቼ ከአጥር አላለፍኩም።

የደቦውን ዕቅድ እንዴት እንደሚያወጡ ሳይ፣ ኮሌጅ ሦስት ዓመት ምን ስሠራ እንደነበር ጠፋኝ። ታኅሣሥ ሊያልቅ ሲል ሃያ ሁለቱንም ቤት በእግራቸው ይዞራሉ። «ስንት እጅ አላችሁ?» ይላሉ፤ ስንት የሚሠራ ሰው ማለታቸው ነው። ማን ነፍሰ ጡር ነች፣ የማን በሬ ያነክሳል፣ የትኛው ማሳ ውሃ ይቋጥራል፣ የማን ልጅ ለትምህርት ዱራሜ ሄደ፣ ሁሉንም ይጠይቃሉ። ከዚያ አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሰዉ ደጃቸው ይሰበሰባል። እንሰቱ መቼ ተነቅሎ እንደሚተከል፣ ድንቹ መቼ እንደሚኮተኮት፣ የስንዴው መሬት ስንት ጊዜ እንደሚታረስ፣ ከጥር እስከ ሰኔ በእርሳስ የጻፉትን ያነባሉ። ሰዉ ይጨቃጨቃል። እሳቸው ይሰርዛሉ፣ ይጽፋሉ። በመጨረሻ በእስክሪብቶ ይሄዱበታል። «በእርሳስ ሳለ ተጨቃጨቁ» ይሉ ነበር፤ «በእስክሪብቶ ካለፍኩበት በኋላ የሚለውጠው ዝናብ ብቻ ነው።»

የዕለቱን ሥራ ደግሞ ጀንበር ሳትጠልቅ እዚያው ማሳው ዳር ይጽፋሉ። መዝገቡን ከመክፈታቸው በፊት እጃቸውን ሱሪያቸው ላይ ግራና ቀኝ ይጠርጋሉ። የት ተሠራ፣ ስንት እጅ ተገኘ፣ ምን አለቀ፣ ምን ቀረ። «ጌታቸው መጣ፣ አልሠራም» ብለው የጻፉበት ቀን ጌታቸው ሲሰማ አገር ይያዝልኝ አለ። አልሰረዙትም። «ነገ ሥራ፤ እጽፍልሃለሁ» ነው ያሉት። በማግስቱ ሰውየው እንደ እብድ ሲቆፍር ዋለ፤ እሳቸውም «ጌታቸው ሠራ» ብለው ጻፉለት። መጻፉን ለምን ለነገ አያሳድሩትም ብዬ ስጠይቃቸው «ካደረ ውሸት ይገባበታል» አሉኝ።

ከእኔ ወረቀት ጋር ግን አልተዋደዱም። አንድ ጊዜ ስንዴን በመስመር ስለመዝራት ሪፖርት እያዘጋጀሁ ገቡ። ዕቅዱ አርባ ሄክታር ነበር፤ የተሠራው አሥራ አንድ። እኔ በክንውን ሥር አርባ ብዬ ጽፌ ነበር፤ ሁላችንም እንደዚያ ነበር የምንጽፈው። ወረቀቱን ቆመው አነበቡ።

«ሃያ ዘጠኙ ሄክታር የት ነው ያለው?»

«ጋሼ፣ ይሄ እኮ ሪፖርት ነው።»

«ገብቶኛል። ያለበትን ንገረኝና ሄጄ ልየው። ቀበሌያችን እንዲህ ሰፊ መሆኑን አላውቅም ነበር።»

አልሳቁም። ሪፖርቱን ግን አላስተካከልኩም፤ እንዳለ ላክሁት። ያን ዕለት በመዝገባቸው ምን ብለው እንደጻፉልኝ ለመጠየቅ አልደፈርኩም።

አሁን ስለ ቢላዎቹ ልናገር። እንሰት ከአንዱ ቦታ ተነቅሎ ወደ ሌላው ሲተከል ውጭ ውጪው ቅጠልና ሥሩ በቢላዋ ይከረከማል። ድሮ ለደቦው ሁሉም የየራሱን ቢላዋ ይዞ ይመጣ ነበር፤ ግማሹ ደነዝ፣ ግማሹ እጀታው የወለቀ፣ አንዳንዱም ረስቶ ባዶ እጁን። ጋሽ ኤርሱሞ ይሄ አንገበገባቸው። አራት ደህና ቢላዎች መርጠው፣ እጀታቸውን አሳድሰው፣ ከአንድ እስከ አራት ቁጥር ተኩሰውባቸው፣ ከቤታቸው ግድግዳ ላይ በተራ ሰቀሏቸው። ጠዋት ይስሏቸዋል፤ ሲወጡም ሲመለሱም ይመዘገባሉ። የሁለት ቀን ሥራ በአንድ ቀን ማለቅ ጀመረ። እኔ ግድግዳውን ፎቶ አንሥቼ ወረዳው ባዘጋጀው ስብሰባ ላይ አሳየሁት። ተጨበጨበልኝ። ለእኔ፣ ለእሳቸው አይደለም።

በዚያው ዓመት ስለ እንሰት አጠውልግ በሽታ ለገበሬዎቹ ገለጻ ሰጥቻለሁ። ይሄ በሽታ የገባበት እንሰት መጀመሪያ ቅጠሉ ከጫፉ ቢጫ ይሆናል፣ ከዚያ ይጠወልጋል፤ ግንዱ ሲቆረጥ ቢጫ ፈሳሽ ያወጣል፤ መድኃኒት የለውም። ከተክል ወደ ተክል የሚያስተላልፈው በዋናነት ቢላዋ ነው። «ቢላዋውን በእሳት ተኩሱ ወይም በበረኪና ንከሩ» አልኩ። በተግባር ላሳይ ስል በረኪና አልመጣም፤ እሳትም አልተያዘም፤ ዝናብ መጣና ተበተንን። «ሥልጠና ተሰጥቷል» የሚለው ላይ ምልክት አድርጌ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

በሚቀጥለው ዓመት መጋቢት ውስጥ በሽታው ታየ። መጀመሪያ የታየው እትዬ አበበች ጓሮ ነው።

እትዬ አበበች ባሏ የሞተባት የአራት ልጆች እናት ነች። ጸሎት ቤት መዘምራን ውስጥ ትዘምራለች፤ ስምንተኛ ክፍል ጨርሳለች፤ ምላሷ ስለታም ነው። ጥር ላይ ጃጁራ ካለች እህቷ ዘንድ አሥር የእንሰት ችግኝ አምጥታ ተክላ ነበር። ሰዉ ሌላ ምክንያት አልፈለገም። «ከጃጁራ ይዛብን መጣች» ተባለ። በሚያዝያ መጀመሪያ ከሃያ ሁለቱ ቤት አሥራ ሦስቱ ጓሮ ታመመ፤ የጋሽ ኤርሱሞ ጓሮም ጭምር። እንሰት ለመብላት ስድስት ሰባት ዓመት ይጠበቃል። ጓሮው የሞተበት ቤት የስንት ዓመት እራቱ በአንድ ወር ጠወለገበት ማለት ነው። ሰዉ የሚያደርገውን አጣ። እትዬ አበበችን ሰላም የሚላት ጠፋ፤ ልጆቿ ምንጭ ሲወርዱ ሌላው እንስራውን አንሥቶ ይሸሻል።

በደቦው ሕግ በሽታ እያወቀ የደበቀ ሰው ለአንድ ዓመት ከደቦው ይወጣል። ሕጉን ያወጡት ለከብት በሽታ ነበር፤ አሁን ለእሷ ሊጠቅሱት ነው። የሷ ከደቦ መውጣት እንደ ሌላው ሰው መውጣት አይደለም። የሚያርስላት የለም፤ ድንቿን የሚኮተኩትላት የለም፤ ቆጮ ለመፋቅ የሚመጣላት ሴት አይኖርም። አራት ልጅ ይዛ ወይ ትለምናለች፣ ወይ ቤቷን ዘግታ ጃጁራ ትገባለች። ሽማግሌው አቶ ሻሜቦ ነገሩ ቅዳሜ በስብሰባ ይቆረጥ አሉ።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ ጋሽ ኤርሱሞ ቤት ሄድኩ። ወረዳው በሽታው ስለገባባቸው ቤቶች ሪፖርት ፈልጎ ነበር፤ የተከላውን ቀኖች ከመዝገቡ ልገለብጥ ነው። መዝገቡን ያለ ቃል ሰጥተውኝ ለላሟ ሳር ሊያጭዱ ወጡ። ጥርን ገልጬ ማንበብ ጀመርኩ።

የመጀመሪያዎቹ ስምንት ቤቶች ላይ ምንም የተለየ ነገር የለም። ዘጠነኛው ቀን የራሳቸው ተራ ነው፦ «ጥር 24። የእኔ ጓሮ። 15 እጅ። አንድ እንሰት ቅጠሉ ቢጫ ነው። ቆረጥኩ፣ ለላሟ ሰጠሁ። ቢላዋ 1፣ 2፣ 3፣ 4 ተጠርገው ተሰቀሉ።» ቀጥሎ፦ «ጥር 25። የአበበች ጓሮ። 14 እጅ። ቢላዋ 1፣ 2፣ 3፣ 4 ወጡ።»

ክው አልኩ። ጣቴን እያስኬድኩ ቤቶቹን ቆጠርኩ። ከእሳቸው በፊት የተሠራላቸው ስምንቱ ቤቶች ጤነኞች ናቸው። ከእሳቸው በኋላ ያሉት በሙሉ ታመዋል፤ ከአንዱ ከጴጥሮስ በስተቀር። ጴጥሮስ ያን ጊዜ ከደቦው ተጣልቶ በራሱ ቢላዋ ብቻውን ነበር የተከለው፤ በግራም በቀኝም የታመመ ጎረቤት አለው፤ የሱ ጓሮ ግን አረንጓዴ ነው። በሽታው በጃጁራ መንገድ አልመጣም። የጋሽ ኤርሱሞን ዕቅድ ተከትሎ፣ በጋሽ ኤርሱሞ ቢላዎች፣ ቤት ሳያዛንፍ በተራው ነው የሄደው። ሰዎቹ እንደ ድሮው ደነዝ ቢላዋቸውን ይዘው ቢመጡ ኖሮ ይሄ ሁሉ አይደርስም ነበር። ያ የተጨበጨበለት ሥርዓት ነው ያጠፋን።

ሳሩን ተሸክመው ሲመለሱ ገጹ እንደተከፈተ ነበር።

«ጋሼ» አልኳቸው። «ነገ ይሄን ገጽ ዝለሉት።»

«ለምን?»

«እርስዎ ላይ ይመጣላ! እሷን እኔ አድናታለሁ። ነፋስ ነው፣ ነፍሳት ናቸው እላለሁ። ባለሙያ ነኝ፣ ያምኑኛል። እሷም ትድናለች፣ እርስዎም ይተርፋሉ።»

ሳሩን አወረዱ። እጃቸውን ሱሪያቸው ላይ ጠረጉ፣ መዝገቡን ከእጄ ተቀበሉ። እሺም እንቢም አላሉኝም። እኔ እሺ እንዳሉ ቆጥሬ፣ ነገ ስለ ነፋስ የምናገረውን እያሰላሰልኩ ሄድኩ።

ቅዳሜ ጠዋት የቀበሌው ገበሬዎች ማሰልጠኛ ደጅ ስልሳ የሚሆን ሰው ተሰበሰበ። እትዬ አበበች ብቻዋን ጥግ ድንጋይ ላይ ተቀምጣለች። አቶ ሻሜቦ ነገሩን ከፈቱ። እኔ እጄን ላነሣ ስል ጋሽ ኤርሱሞ ተነሡ።

«ላንብብ» አሉ።

ጥርን ከመጀመሪያው ጀምረው አነበቡ። ድምፃቸው የወትሮው ነው፤ በየዓመቱ ዕቅድ የሚያነቡበት ድምፅ። ስምንቱን ቤት አነበቡ። የራሳቸውን አነበቡ፤ ቢጫ ቅጠሏን፣ ላሟን፣ ቢላዎቹን። ከዚያ የአበበችን፣ ከዚያ ሌላውን፣ ከዚያ ሌላውን። ስሙ የተጠራ ሰው አንገቱን ይደፋል። ጴጥሮስ ጋ ሲደርሱ «ጴጥሮስ ከእኛ ጋር አልሠራም፤ ጓሮው ደህና ነው» አሉ። አንዲት ሴት አፏን በነጠላዋ ያዘች። አንብበው ሲጨርሱ «በሽታው የወጣው ከእኔ ጓሮ ነው። የሄደው በእኔ ቢላዋ ነው። አበበች የለችበትም» አሉ።

እኔ የማየውን ማመን አቃተኝ። ዘለውት ያልፋሉ ብዬ ነበር። ስለ ነፋስ ያዘጋጀሁት ንግግር አፌ ውስጥ ደረቀ።

የሚያመሰግናቸው ይኖራል ብዬ ጠበቅኩ። የተነሣችው እትዬ አበበች ናት።

«የማርቆስ አባት» አለች። «መቼ ነው ይሄን ያየኸው?»

እኔ በልቤ ትናንት አልኩ። ትናንት እኔ ሳየው ነው ያዩት፤ ሌላ መቼ ሊያዩት?

ጋሽ ኤርሱሞ ገጾቹን ገልብጠው ሚያዝያ ጋ ደረሱ። እኔ ዓርብ ዕለት እነዚያን ገጾች አልከፈትኳቸውም ነበር፤ ምን ያደርጉልኛል? ማንበብ ጀመሩ።

«ማክሰኞ። ከሰዓት ዝናብ። መዝገቡን ከጥር ጀምሬ አየሁ። ከእኔ ጓሮ ነው። አልተናገርኩም።

ረቡዕ። የሻሜቦ ድንች ተኮተኮተ፣ 11 እጅ። አልተናገርኩም።

ሐሙስ። የጌታቸው በቆሎ ተዘራ። አበበች መጣች፣ ማንም አላናገራትም። እኔም አልተናገርኩም።

ዓርብ። ዝናብ፣ ሥራ የለም። አልተናገርኩም።»

ሰውየው የራሳቸውን ዝምታ እንደ እርሻ ሥራ በየቀኑ መዝግበዋል። እያነበቡ ቀጠሉ፤ መሬት ታረሰ፣ ድንች አፈር ታቀፈ፣ አልተናገርኩም፣ አልተናገርኩም። «እሑድ። ቅዳሴ ሄድኩ። አልቆረብኩም። አልተናገርኩም።» እዚህ ላይ ድምፃቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ተሰበረ። አቶ ሻሜቦ «ይበቃል» አሉ። አልበቃቸውም። አሥራ ስምንት ቀን ነው፤ አሥራ ስምንቱንም አነበቡ።

መጨረሻው የትናንቱ ዓርብ ነበር። «ዓርብ። ለላሟ ሳር ታጨደ» አሉና ቆሙ። ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ። ዓይናቸው ከመዝገቡ ላይ ተነሥቶ ሰዉን አየ፣ ተመልሶ ወረደ። «አልተናገርኩም» ብለው ዘጉት። ትንፋሽ ያጠራቸው ነበር የመሰለኝ።

እትዬ አበበች አጠገባቸው ድረስ ሄደች። «አሥራ ስምንት ቀን» አለች። «ልጆቼ ምንጭ ሲወርዱ ሰው እንደ በሽተኛ ሲሸሻቸው፣ አንተ ቁጭ ብለህ ትጽፍ ነበር?»

«አዎ።»

«ለምን?»

«ፈራሁ» አሉ ጋሽ ኤርሱሞ።

ትመታቸዋለች ብዬ ነበር። መዝገቡን ከእጃቸው ነጠቀች። «ከዛሬ ጀምሮ እኔ ነኝ የምይዘው» አለች፤ አንድም ሰው አልተቃወመም። ጋሽ ኤርሱሞ የእስክሪብቶውን ክር ከአንገታቸው አውጥተው ሰጧት። እዚያው ቆማ ጻፈች። ጎኗ ነበርኩና አነበብኩት፦ «ቅዳሜ። ስብሰባ። ተናገረ።»

ሕጉ ሕግ ነው። በሽታ አውቆ የደበቀ ለአንድ ዓመት ከደቦ ይወጣል፤ ሕጉን የጻፉት እሳቸው ናቸው፣ የወጡትም እሳቸው። ሰኞ ዕለት በረኪና ይዤ ስሄድ ከሚስታቸውና ከማርቆስ ጋር ጓሮውን በሙሉ እየነቀሉ ይቀብሩ ነበር፤ የታመመውንም ገና ያልታመመውንም። ከዋናው መንገድ ጣራው እንኳ የማይታይ የነበረው ቤት በሳምንቱ ራቁቱን ቀረ። ዓመቱን ሙሉ ብቻቸውን ሠሩ፤ ቆጮ ከገበያ ገዝተው በሉ፤ አንድ ቀን ሲያማርሩ አልሰማሁም።

ዓመቱ ካለፈ በኋላ በመጣው ጥር እትዬ አበበች ዕቅዷን ስታነብ ዘጠነኛው ተራ ላይ «የማርቆስ አባት ጓሮ» አለች። አንዳንዱ አጉረመረመ። «ሕጉ ዓመት ነው የሚለው። ዓመቱ አልቋል» ብላ በእስክሪብቶ ሄደችበት። በየዕለቱ ሥራ መጨረሻ ላይም «ቢላዋ በእሳት ተተኮሰ» የሚል ትጽፍ ነበር። ሰላምታዋ ግን ለጋሽ ኤርሱሞ ረዥም ጊዜ አጭር ሆኖ ቆየ። እኔም ብዙ ሳልቆይ ወደ ሆሳዕና ተዛወርኩ።

ከዚያች ቅዳሜ ሰባት ዓመት በኋላ፣ ማርቆስ በደወለልኝ ማክሰኞ፣ ከስብሰባው በቀጥታ መናኸሪያ ሄጄ የአንጋጫ ሚኒባስ ያዝኩ። ከአንጋጫ በሞተር ቀጠልኩ። ስደርስ ቀብሩ አልቆ ሰዉ ድንኳን ገብቷል። ማርቆስን አቅፌ አለቀስኩ፤ ከዚያ ከእትዬ አበበች ጎን ተቀመጥኩ። ሸብታለች። እስክሪብቶው አንገቷ ላይ ነው፣ መዝገቡ ጭኗ ላይ። አሮጌውንም ይዛ መጥታለች።

«ምትኩ፣ ደህና ነህ?» አለችኝ። አሮጌውን መዝገብ ገልጣ አቀበለችኝ። «ይሄን አይተኸዋል?»

የዚያች ዓርብ ገጽ ነበር። የጋሽ ኤርሱሞ የእጅ ጽሑፍ፦ «ዓርብ። ለላሟ ሳር ታጨደ። ምትኩ መጣ። ገጹን አየና ዝለሉት አለኝ። ልጅ ነው፤ ለእኔ አዝኖ ነው። አልተናገርኩም።»

ያን ቀን ትንፋሽ አላጠራቸውም ነበር። ራሳቸውን አሥራ ስምንት ጊዜ ስልሳ ሰው ፊት ሲያጋልጡ እኔን ብቻ ዘለውኛል። መዝለል የማይችሉት ሰው።

«መቼ አዩት?» አልኳት።

«መዝገቡን የነጠቅኩት ዕለት።»

«ሰባት ዓመት ሙሉ? ለምን አልነገሩኝም?»

«እሱ ሳያነበው ያለፈውን እኔ ምን ቤት ነኝ የማነበው?» አለች። ቆየት ብላ ደግሞ «ዛሬ ግን እሱ የለም። ሰዉ እየተነሣ ስለ እሱ እየተናገረ ነው። አንተም ትጠራለህ» አለችኝ።

ተጠራሁ። ተነሣሁ። እንደዚያ ቅዳሜ ሁሉ ስልሳ ሰባ ሰው ነበር፤ ጴጥሮስም ጌታቸውም አሉ፤ የእትዬ አበበች ልጆች አድገው ለእንግዳ ውሃ ያቀርባሉ። ስለ ጋሽ ኤርሱሞ ትጋት ተናገርኩ። ስለ ዕቅዳቸው፣ ስለ ሐቀኝነታቸው፣ ቀበሌው እንዲህ ያለ ሰው ዳግመኛ እንደማያገኝ ተናገርኩ። አንዳንዱ አለቀሰ። እኔም አለቀስኩ። ሐቀኝነት የሚለውን ቃል ሦስት ጊዜ ሳልጠራው አልቀረሁም።

ተመልሼ ስቀመጥ እትዬ አበበች አዲሱን መዝገብ ከፍታ የዕለቱን ትጽፍ ነበር። ቀና ብላ አላየችኝም፤ ገጹንም አልሸፈነችውም። አንገቴን ሰገግ አድርጌ አነበብኩት፦

«ማክሰኞ። ለቅሶ፣ ሥራ የለም። ምትኩ ከሆሳዕና መጣ። አልተናገረም።»